ቤንዚኑና ጋኑ፤ በግል እጅ ስለሚሠሩ አይሮፕላኖች

ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ሴት ጋኗን በግራዋ ሳታጥብና በወይራ ሳታጥን ጥንስስ አትጀምርም። ላምባ የተቀመጠበትን ጋን ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብም ለጠላ አትመልሰውም። የመጠጡ ደኅንነት በብቅሉና በጌሾው ብቻ ሳይሆን በዕቃውም ጭምር እንደሚጠበቅ ከእናቷ ተምራለችና። ይህ ዕውቀት ተራ ቢመስልም፣ የገዛ አይሮፕላናቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው በሚበሩ ሰዎች ዘንድ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዛሬ ልናወሳላችሁ ያሰብነው የእነዚህ ሰዎች ቤንዚንና የቤንዚናቸው ማጠራቀሚያ ጋን ያለፉበትን ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ቤንዚን የሚለው ስም አልተለወጠም፤ በስሙ የሚጠራው ፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ፈሳሹ በተለወጠ ቁጥር፣ ለቀድሞው ፈሳሽ ታስቦ የተሠራው ጋን ተቸገረ። ስሙን ብቻ አይቶ የተማመነ ሰውም ዋጋውን የከፈለበት ጊዜ አለ።

በመጀመሪያ፣ አይሮፕላን ሁሉ በግል እጅ የሚሠራበት፣ ለአይሮፕላን ተብሎ የተለየ ቤንዚንም ያልነበረበት ዘመን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በአሜሪካ በኪቲ ሆክ አሸዋማ ዳርቻ የበረሩት ዊልበርና ኦርቪል ራይት ብስክሌት ሠሪዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ሞተራቸውን የሠራላቸው ቻርልስ ቴይለር የተባለ የሱቃቸው መካኒክ ሲሆን፣ ኃይሉም 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረ። ሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ አልነበረውም፤ ትንሿ ጋን ከሞተሩ በላይ በክንፎቹ መካከል ካለው ድጋፍ እንጨት ላይ ተሰቅላ፣ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወርድ ነበር። የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ፣ የዚያ ቀን የመጨረሻው ደግሞ 59 ሴኮንድ ብቻ ስለ ነበረ የጋኗ ማነስ የጎዳው ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ አይሮፕላን የፋብሪካና የመንግሥት ሥራ እየሆነ ቢሄድም፣ በገዛ እጁ ሠርቶ መብረር የሚሻ ሰው ግን አልጠፋም። ከእነዚህም መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በርናርድ ፒተንፖል ነው። ይህ ሰው በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ቼሪ ግሮቭ በምትባል ትንሽ መንደር የሚኖር፣ ብዙውን ነገር በራሱ ጥረት የተማረ የእጅ ባለሙያ ነበረ። የአይሮፕላን ሞተር ዋጋው ለመንደር ሰው የማይቀመስ ስለ ሆነበት፣ በ1929 የፎርድ ሞዴል ኤ አውቶሞቢል ሞተር ከእንጨትና ከጨርቅ በሠራው አይሮፕላን ላይ ገጠመ። በዚያን ጊዜ አንድ የመጽሔት አዘጋጅ የአውቶሞቢል ሞተር ለአይሮፕላን አይበቃም ብሎ ያምን ስለ ነበረ፣ ፒተንፖል በ1930 ከአንድ ጓደኛው ጋር ሁለት አይሮፕላኖች ይዞ ወደ ሚኒያፖሊስ በመብረር ለአዘጋጁ በዓይኑ አሳየው። አዘጋጁም አሳቡን ለውጦ የአይሮፕላኑን ንድፍ ለአንባብያን አቀረበ፤ ኤር ካምፐር የተባለው ይህ አይሮፕላንም በብዙ አገር ሰዎች እጅ ተሠራ።

የፒተንፖል ሞተር ገበሬው ለትራክተሩ፣ ነጋዴው ለመኪናው የሚገዛውን ቤንዚን ያለ ችግር ይጠጣ ነበር። ጋኑም ከቆርቆሮ ታጥፎ በመበየጃ የሚያያዝ ከሞተሩ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ እንጂ ልዩ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም። ቤንዚኑ፣ ሞተሩና ጋኑ ከአንድ መንደር የተገኙ ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የአውቶሞቢልና የአይሮፕላን ቤንዚን የሚለያዩበት መንገድ በዚሁ ዘመን ተከፍቶ ነበር። የሞተር ኃይል እንዲጨምር ሲፈለግ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየርና ቤንዚን አብዝቶ መታመቅ አለበት፤ ሲታመቅ ደግሞ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ሞተሩን እንደ መዶሻ ያንኳኳዋል። ቶማስ ሚድግሌይ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ በ1921 በጄነራል ሞተርስ የምርምር ቤት ከእርሳስ የተቀመመ ጥቂት ፈሳሽ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኙ። በ1923ም እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዴይተን ከተማ መሸጥ ጀመረ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው፤ በ1924 በኒው ጀርዚ ይህን ቅመም ያዘጋጁ ከነበሩት ሠራተኞች 5ቱ ተመርዘው ሞቱ። ነገር ግን የኃይል ፍላጎት ከፍርሃቱ በረታ። በ1930ዎቹ ዓመታት ጄምስ ዱሊትል የተባለው ዝነኛ አብራሪ በሼል ኩባንያ ሆኖ ባለ 100 ኦክቴን የአይሮፕላን ቤንዚን እንዲሠራ ተሟገተ፤ በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተደረገው ጦርነትም የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች በዚሁ ቤንዚን ተጠቀሙ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፈሳሾች ተገኙ፤ አንዱ በመንገድ ዳር፣ አንዱ በአይሮፕላን ማረፊያ የሚቀዳ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ አብራሪ በሚልዋኪ ከተማ አቅራቢያ በግል እጅ አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችን ሰብስቦ የሙከራ አይሮፕላን ማኅበርን መሠረተ። የአሜሪካ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች የፈቀደላቸው ነገር ሊስተዋል ይገባዋል። ከሥራው የሚበዛውን ክፍል አማተሩ ሠሪ ለትምህርቱና ለደስታው ራሱ ከሠራው፣ መንግሥት የፋብሪካ አይሮፕላን የሚመረመርበትን ረጅም ምርመራ አይጠይቀውም። በምትኩ ግን የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እንዲያየው «የሙከራ» የሚል ቃል በአይሮፕላኑ ላይ ይጻፋል። ይህም ማለት የፋብሪካው መሐንዲስ፣ ተቆጣጣሪውና ፈራሚው ሹም ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተጠቃለሉ ማለት ነው። ኃላፊነቱን የሚያካፍለው ሌላ ክፍል የለውም።

በ1970ዎቹ ዓመታት ሁለት ነገሮች በአንድነት መጡ። አንደኛው የ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር ሲሆን፣ ሁለተኛው ለትናንሽ ሞተሮች የሚስማማው ባለ 80 ኦክቴን የአይሮፕላን ቤንዚን ከገበያ እየጠፋ መሄዱ ነው። በምትኩ የቀረበው ባለ 100 ኦክቴኑ ቤንዚን «አነስተኛ እርሳስ» የሚል ስም ቢሰጠውም፣ በውስጡ እንዲኖር የሚፈቀደው እርሳስ በባለ 80ው ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ነበረ። «አነስተኛ» መባሉ ከቀድሞው ባለ 100 ጋር ሲነጻጸር እንጂ ከባለ 80ው ጋር አልነበረም። በዚህም ምክንያት የትናንሾቹ ሞተሮች ካንዴላ በእርሳስ ዝቃጭ ይደፈን፣ ቫልቫቸውም ይጣበቅ ጀመር። ስለዚህ የሙከራ አይሮፕላን ማኅበር የአውቶሞቢል ቤንዚንን በሴስና 150 አይሮፕላን ላይ ለረጅም ጊዜ ከሞከረ በኋላ በ1982 ከመንግሥት ፈቃድ አገኘ። የፒተንፖል ቤንዚን ከ50 ዓመት በኋላ ተመለሰ ሊባል ይችላል።

የተመለሰው ግን ያው ቤንዚን አልነበረም። የመጀመሪያው ልዩነት በመትነን በኩል ያለው ነው። በአዲስ አበባ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ የምታውቁ ናችሁ፤ ከፍታው እየጨመረ በሄደ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሽ ሁሉ በቶሎ ይፈላል። የቤንዚን የመትነን ግፊት በ38 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ፣ የአይሮፕላኑ ቤንዚን ከ38 እስከ 49 ኪሎፓስካል ተወስኖለታል። የአውቶሞቢሉ ግን መኪና በብርድ ጧት እንዲነሣ ተብሎ በክረምት እስከ 100 ኪሎፓስካል ገደማ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ቤንዚን በሞቃት ሞተር አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ ሲገባና አይሮፕላኑ ከፍ ሲል፣ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ፈሳሽ ለመሳብ የተሠራ ስለ ሆነ እንፋሎቱን መሳብ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ጋኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በጥም ይቆማል። ራይትና ፒተንፖል ጋኑን ከሞተሩ በላይ በመስቀላቸው ከዚህ ችግር ብዙውን ሳያውቁት አመለጡ፤ ጋኑን በክንፍ ውስጥ ዝቅ አድርጎ በፓምፕ የሚስብ የዘመኑ ሠሪ ግን ቱቦውን ከሙቀት መከለል፣ ፓምፑንም ወደ ጋኑ ማስጠጋት ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ልዩነት ከዕቃው የመጣ ነው። በ1975 በርት ሩታን የተባለው መሐንዲስ ቫሪ-ኢዚ የተባለውን አይሮፕላን፣ በ1979 ደግሞ ሎንግ-ኢዚን አሳየ። አሠራሩ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተለየ ነበር። ቀላል ሰማያዊ አረፋ መሰል ፕላስቲክ በክንፍ ቅርጽ ይቆረጥና፣ ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ በኤፖክሲ ሙጫ እየተነከረ ይለበጥበታል። የቤንዚኑ ጋን ለብቻው የሚገባ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ከክንፉ ሥር ያለው የአይሮፕላኑ ገላ ራሱ ጋን ሆነ። ሥራው ለቤት ሠሪ ቀላልና ውብ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች ተከተሉት።

ነገር ግን በክንፉ ውስጥ ያለው ፖሊስቲሪን የተባለው አረፋ ቤንዚን ሲነካው በውሃ ውስጥ እንደ ወደቀ ስኳር ይሟሟል። ስለዚህ ጋኑ ከሌላ ዓይነት፣ ቤንዚን ከማያሟሟው አረፋ እንዲሠራ ታዘዘ። በጋኑና በክንፉ መካከል ያለው ግድግዳ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ብትኖርበት ግን፣ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ሰርጎ የክንፉን ውስጥ ሊበላው ይችላል፤ ከውጭ ሲታይም ክንፉ ደኅና ይመስላል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የተባለው ምሳሌ እዚህ ላይ በሌላ መልኩ እውነት ሆነ፤ የክንፉ ሁሉ ደኅንነት በአንዲት ቀን በጥንቃቄ በተቀባች ሙጫ ተደገፈ።

ይህ አሠራር በጥንቃቄ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያደርስም ታይቷል። ዲክ ሩታንና ጂና የገር በዲሴምበር 1986 ቮየጀር በተባለው አይሮፕላን መንገድ ላይ ነዳጅ ሳይጨምሩ ዓለምን ዞሩ፤ ጉዞውም 9 ቀን ወሰደ። አይሮፕላኑ 17 ጋኖች ነበሩት፤ ሲነሣም 3,180 ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ስለ ጫነ፣ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ100 እጅ 72ቱ እጅ ነዳጅ ነበረ። የክንፎቹ ጫፎችም ከክብደቱ የተነሣ በመነሻው መንገድ ላይ ተጎተቱ። በመጨረሻው ሌሊት የቤንዚኑ ፍሰት ተቋርጦ የኋላው ሞተር ቢቆምም፣ የፊተኛውን አስነሥተው በሰላም አረፉ። በጋኖቹ ውስጥ የተረፈው 48 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበረ።

ጋኑ ደኅና፣ ቤንዚኑም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ደግሞ ሰው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ኦክቶበር 12 ቀን 1997 ታዋቂው አሜሪካዊ ዘፋኝ ጆን ዴንቨር በቅርቡ በገዛው ሎንግ-ኢዚ ብቻውን ሲበር በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ባሕር ወድቆ ሞተ። ዴንቨር ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበረ እንጂ ጀማሪ አልነበረም። አይሮፕላኑን የሠራው ሌላ ሰው ሲሆን፣ የቤንዚን ቱቦ ወደ አብራሪው ክፍል እንዳይገባ በማሰብ፣ ከግራው ጋን ወደ ቀኙ የሚያዛውረውን መክፈቻ በንድፉ ከታዘዘው ቦታ፣ ማለት ከአብራሪው እግሮች መካከል አንሥቶ ከግራ ትከሻው በስተ ኋላ አደረገው። አሳቡ ለደኅንነት ነበረ። ነገር ግን አብራሪው መክፈቻውን ለማዞር ከመሪው እጁን አንሥቶ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ነበረበት። መክፈቻውም ሆነ የቤንዚኑ መጠን የሚታይባቸው መስታወቶች ምልክት አልተጻፈባቸውም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ፣ አብራሪው መክፈቻውን ለማዞር ሲታገል አሳቡ ከመብረሩ ተወስዶ ሳያውቀው የቀኙን መሪ በእግሩ እንደ ረገጠና አይሮፕላኑ ከቁጥጥር እንደ ወጣ ወሰነ። ከመነሣቱ በፊት ቤንዚን አለመጨመሩንም ከምክንያቶቹ አንዱ አደረገው። በጋኖቹ ውስጥ ያለው ጥቂት መሆኑ እየታወቀ፣ በረራው አጭር ስለ ሆነ ቤንዚን አያስፈልገኝም ብሎ ነበርና። የመክፈቻው ቦታ፣ የምልክቶቹ አለመኖርና የአብራሪው አይሮፕላኑን በሚገባ አለመለማመድ እንደ ተጨማሪ ምክንያት ተቆጠሩ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አንዱ ሰው በቅን አሳብ የለወጠው ነገር፣ ያልተጻፈ አንድ ቃልና ያልተቀዱ ጥቂት ሊትሮች ተደማምረው የአንድ ሰው ሕይወት ዋጋ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ቤንዚኑ እንደገና ተለወጠ። በ2005 የወጣው የአሜሪካ የኃይል ሕግ ከእህል የሚወጣው ኤታኖል የተባለው አልኮል ከአውቶሞቢል ቤንዚን ጋር በብዛት እንዲቀላቀል አዘዘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከ100 እጅ 10 እጅ አልኮል ያለበት ቤንዚን በአብዛኛው ማደያ የሚገኝ ሆነ። ይህ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በ5 በመቶ መጠን በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ መጨመር ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ለአውቶሞቢል ነገሩ ከባድ ችግር አላመጣም። ለቤት ሠሪው አይሮፕላን ግን ሌላ ነው።

አልኮል ውሃ ይወዳል። ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ከቤንዚኑ ጋር አዋሕዶ ይይዘዋል፤ አይሮፕላኑ ወደ ቀዝቃዛ ከፍታ ሲወጣ ግን ውሃውና አልኮሉ ተባብረው ከቤንዚኑ ይለያሉ፤ ከባድ ስለ ሆኑም በጋኑ ታች፣ ማለት ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ባለበት ይዘቅጣሉ። ከዚህም በላይ አልኮል የቀድሞውን ጎማ ያሳብጣል፤ አንዳንዱን ሙጫ ያለሰልሳል፤ ቀዳዳ ለመድፈን በጋኑ ውስጥ የተቀባውንም ቅብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይልጠዋል። የተላጠው ቅብ ወርዶ የቱቦውን አፍ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ጋኑ ሙሉ ሳለ ይቆማል። ብዙ ዓመት ሳይፈስ የኖረ ጋንም ሲያፈስ ይገኛል። በ1982 የተሰጠው ፈቃድ አልኮል ለሌለበት ቤንዚን ብቻ የተሰጠ ነበረ፤ በማደያው ላይ ያለው ስም ግን እንደ ቀድሞው ቤንዚን ነበረ።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። አብራሪው ቀጭን ብርጭቆ ይወስድና ከታች ጥቂት ውሃ አግብቶ የውሃውን ልክ በምልክት ያሰምራል፤ ከዚያ ቤንዚኑን ጨምሮ ይንጠዋል። ፈሳሾቹ ሲረጉ ውሃው ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ከታየ፣ አልኮሉ ከቤንዚኑ ወጥቶ ወደ ውሃው ገብቷልና ቤንዚኑ የተቀላቀለ መሆኑ ይታወቃል። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህም ጋር የተጠቀሰው የደኅንነት ቦርድ በ2012 ባቀረበው ጥናት፣ በግል እጅ የተሠራ አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይበር የነዳጁ መሥመር ከጋኑ እስከ ሞተሩ በሚገባ ማሳለፉ በምድር ላይ እንዲፈተን አሳሰበ።

በአሁኑ ዘመንም ለውጡ አላበቃም። በ2021 አልጄሪያ እርሳስ ያለበትን የአውቶሞቢል ቤንዚን ከተወች ወዲህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የመኪና ቤንዚን የሚሸጥ አገር አልቀረም፤ ሆኖም የትናንሽ አይሮፕላኖች ቤንዚን ከእርሳስ ገና አልተላቀቀም። በአይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት የሚተነፍሱት አየር ስለ ሆነ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2022 እርሳስ የሌለበት ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ለፋብሪካ አይሮፕላኖች ቢፈቀድም፣ ከተሸጠባቸው ማረፊያዎች በአንዳንዶቹ ባለ አይሮፕላኖች ቀለማቸው እንደ ተላጠና የጋናቸው ማሸጊያ እንዳፈሰሰ አመለከቱ። እንግዲህ ክርክሩ ዛሬም ስለ ፈሳሹና ስለ ዕቃው መስማማት ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ የምንገነዘበው ነገር አይሮፕላን ለሌለን ሰዎችም ይጠቅማል። ፈቃድ የሚሰጠው ለነገሩ እንጂ ለስሙ አይደለም። ነገሩ ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቢቀር፣ ትላንት እውነት የነበረው ወረቀት ዛሬ ሐሰት ይሆናል፤ ይህንንም ማኅተሙ አይናገርም። በትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ስሕተት በብዙ እጅ ሲተላለፍ አንዱ ጋ ሊገታ ይችላል። አይሮፕላኑን ራሱ የሠራ ሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመለከት ሌላ ዓይን የለውም። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከጋኑ ሥር ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ይቀዳል፤ ወደ ብርሃንም አንሥቶ ያየዋል። ባለሙያዋ ሴት ጥንስስ ከመጀመሯ በፊት ጋኗን አሽትታ እንደምታረጋግጥ፣ እርሱም በጋኑ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ራሱ ሳያረጋግጥ አይነሣም።